ወርቃማ ቅጠል ስለ ተሸለመው የጉድጓዴ ውሃ

ለተከበሩ የአካባቢ ጥበቃና የበጎ ፈቃድ አፈጻጸም ማበረታቻ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን፣ ምስጋናው ካበቃ በኋላም አንድ ጠርሙስ ውሃ ማስቀዳትን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤንነት እጠይቃለሁ። እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም፣ በቢሮዎ መስኮት ላይ የተደረደሩት አበቦችም ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። የአበቦቹን ደህንነት የምጠይቀው ለወግ ብዬ አይደለም፤ ባለፈው ሳምንት ደጅዎ ላይ አራት ሰዓት ሙሉ ስጠብቅ፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ጸሐፊዎ ስታጠጣቸው አይቻለሁና፣ የሚጠጡት ውሃ ከየት እንደሚመጣ አንድ ሰው ቢያጣራላቸው መልካም ነው። እኔ በበኩሌ፣ እጄ ላይ ከወጣው ሽፍታ በቀር፣ ደህና ነኝ።

ራሴን ላስተዋውቅ። ከጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካው አጥር ሥር ያለው የልብስ እጥበት ቤት ባለቤት ነኝ። ወደዚህ ሥራ ከመግባቴ በፊት አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት መኪና ስደበድብ ስለኖርኩ፣ «ጉዳዩ» የት እንደሚጻፍ፣ «ግልባጭ» የት እንደሚወርድ፣ «በታላቅ አክብሮት» የሚለው ሐረግም ስንት ዓይነት ስድብ ተሸክሞ መሄድ እንደሚችል ጠንቅቄ አውቃለሁ። አማቴ ሲያርፉ ቤቱን፣ ሁለት ገንዳ፣ ሦስት ካውያና በገዛ እጃቸው የቆፈሩትን አሥራ አራት ሜትር ጉድጓድ ለባለቤቴ አወረሱ፤ ባለቤቴ ደግሞ ከውሃ ጋር ብዙም ስለማይዋደድ እጥበቱን ለእኔና ለእህቱ ትቶ እርሱ በብስክሌት ልብስ ያመላልሳል። እንግዲህ ድርጅታችን ሁለት ሴቶች፣ አንድ ባለ ብስክሌት፣ አንድ ጉድጓድና አንድ አነስተኛ ፓምፕ ነው። መንግሥት ከእኛ የከፋ የአካባቢ ጠላት ገጥሞት እንደማያውቅ በሬ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ተረድቻለሁ።

ወረቀቱ ክቡርነትዎ የፈረሙበት ስለሆነ ይዘቱን ማስታወስ ድፍረት ይሆንብኛል፤ ሆኖም በየቀኑ ብዙ ስለሚፈርሙ ላስታውስዎ። ጉድጓዳችን በቀለም ስለተበከለ ቤቱ ታሽጓል፤ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ጉድጓዱ በድንጋይና በአሸዋ ይደፈናል፤ የሥራ ፈቃዳችንም ይሰረዛል ይላል። ዛሬ ዘጠነኛው ቀን ነው። ስድስት ቀን ስለቀረኝ፣ ጊዜ ሳላባክን ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ከሁሉ በፊት ስለ ፕሮግራሙ አመሰግናለሁ። ድሮ፣ ይህ የበጎ ፈቃድ ዘመን ሳይመጣ፣ ተቆጣጣሪ ባልታሰበ ሰዓት ከተፍ ይል ነበር፤ ሱሪውን ሰብስቦ ቦይ ሲዘልና አፍንጫውን ይዞ ሲጽፍ በዓይናችን አይተናል። ለሰውየውም ለፋብሪካውም የማይመች አሠራር ነበር። አሁን ግን ሕጉ ከሚያዘው በላይ በገዛ ፈቃዱ አካባቢውን የሚንከባከብ ድርጅት የነሐስ፣ የብር ወይም የወርቅ ቅጠል ይሸለማል። ለሽልማቱ የተመዘገበ ድርጅት የፍሳሹን ናሙና ራሱ ቀድቶ ራሱ ወደ ላቦራቶሪ ይልካል፤ የሚጎበኘውም ከሠላሳ ቀን በፊት በደብዳቤ ተነግሮት ነው። ወርቃማ ቅጠል ያገኘ ደግሞ ግብር ይቀነስለታል፤ ወንበር ባለው ልዩ መስኮት ይስተናገዳል፤ በሦስት ዓመት አንዴ ብቻ ይጎበኛል፤ ጥፋት ከተገኘበትም የአሥራ ስምንት ወር የማስተካከያ ጊዜ ይሰጠዋል። እውነቱን ለመናገር ሐሳቡን አልጠላሁትም። ሰው ሳይገደድ መልካም ከሠራ ቢመሰገን ምን ይከፋል? እናቴም ሳልታዘዝ ቤቱን የጠረግሁ ቀን ወጥቼ እንድጫወት ትፈቅድልኝ ነበር። ብቻ እርሷ ከመፍቀዷ በፊት ጎንበስ ብላ አልጋ ሥር ታይ ነበር፤ ያልተማረች ሴት ስለነበረች ይሆናል።

2ኛ. ስለ ሠላሳው ቀን ደብዳቤ በተለይ አመሰግናለሁ፤ ለሰፈራችን የዓመት በዓል ያህል ነው። አባቶቻችን «ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» ሲሉ የተረቱት ሰርገኛው ሳይናገር እየደረሰ ስላስቸገራቸው ነው፤ የእርስዎ ሰርገኛ ግን በማኅተም የተደገፈ ደብዳቤ ከወር በፊት ይልካል። ደብዳቤው በደረሰ ማግስት የፋብሪካው አጥር ቀለም ይቀባል። ቦዩ ላይ ሳር ይነጠፋል። በቆርቆሮ የተተከሉ ዛፎች በጭነት መኪና ይመጣሉ፤ እንግዳው ሲሸኝ በዚያው መኪና ተመልሰው ይሄዳሉ። የፍሳሽ ማጣሪያው ሞተር ለሦስት ቀን ይነሳል፤ ሲነሳ የእኛ ገንዳ ውስጥ ያለው ውሃ ስለሚንቀጠቀጥ ወዲያው እናውቃለን። ባለቤቴ በአራተኛው ቀን ገንዳውን አይቶ፣ ውሃው ረግቶ ሲያገኘው፣ ተቆጣጣሪው ወደ ቤቱ መግባቱን ይነግረናል።

3ኛ. የፋብሪካውን ናሙና በየሦስት ወሩ ይቀዳ ስለነበረው ሹፌር አመሰግናለሁ። ሰፈሩ «ጡሩምባ» ይለዋል፤ መታጠፊያ ባየ ቁጥር ሰው ኖረም አልኖረም ጡሩምባውን ስለሚነፋ ነው። ጨዋ ልጅ ነው። ስድስት ባዶ ጠርሙሶች በካርቶን ይዞ በራችን ላይ ይቆምና «እትዬ፣ ትንሽ ውሃ ልቅዳ፤ የርስዎ ውሃ እኮ ነፍስ ይዘራል» ይለኝ ነበር። እኔም ለሥራ አስኪያጁ ሻይ መስሎኝ፣ አንጀቴ ቅቤ እየጠጣ፣ ጠርሙሶቹን በሳሙና አጥቤ፣ ሦስቴ አለቅልቄ እሞላለት ነበር። የባለቤቴ እህት ደግሞ አቧራ እንዳይገባባቸው የጠርሙሶቹን አፍ በንጹህ ጨርቅ ትሸፍንለታለች። ክቡርነትዎ በላቦራቶሪ የተመረመረውን ውሃ ንጽሕና የሚያደንቁ ከሆነ፣ እባክዎ ምስጋናውን ለእኛም ያካፍሉን።

ስለ ልጁ ክፉ እንዳያስቡ። ኋላ እንደነገረኝ፣ ሥራ አስኪያጁ ለላቦራቶሪ የሚሆን ውሃ እንዲያመጣ አዘዙት እንጂ ከየት እንደሚቀዳ አልነገሩትም። እርሱም ሰው ሐኪም ዘንድ ሲሄድ የታጠበ ልብስ እንደሚለብስ ሁሉ፣ ወደ ላቦራቶሪ የሚሄድ ውሃም ንጹሕ መሆን ያለበት መሰለው። የፋብሪካውን ቱቦ ውሃ ወስዶ አለቆቹን ማዋረድ አልፈለገም። ቱቦውን በየቀኑ የሚያዩት አለቆቹ ደግሞ ውጤቱ እንዲያ አምሮ ሲመጣ አልገረማቸውም፤ ወይም መገረማቸውን በፈቃደኝነት ደበቁት።

እንዲህ እየሆነ የጉድጓዴ ውሃ አሥራ አንድ ጊዜ ተመርምሮ አሥራ አንድ ጊዜ «ከሚጠበቀው ደረጃ በላይ» ተብሎ አለፈ። በአሥራ አንደኛው ፋብሪካው ወርቃማ ቅጠሉን ተሸለመ። በር የሚያህል የቆርቆሮ ቅጠል በፋብሪካው መግቢያ ላይ ተሰቅሏል፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያርፍበት ብርሃኑ በቀጥታ ልብስ ማስጫችን ላይ ይወድቃል። አማቴ በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ፣ የቆፈሩት ጉድጓድ ለዚህ ክብር በመብቃቱ ምን ይሉ እንደነበር አውቃለሁ፤ ግን በጽሑፍ የሚሰፍር አይደለም።

4ኛ. ስለ ቀለሞቹ አመሰግናለሁ። አሥራ አንደኛው ናሙና ከተቀዳ ወዲህ የጉድጓዳችን ውሃ መጀመሪያ ሽታ፣ ቀጥሎ ቀለም አመጣ። የግድግዳ ካሌንደር መግዛት አቁመናል፤ ውሃው ሰማያዊ ሲሆን የተማሪዎች ደንብ ልብስ ትእዛዝ እንደመጣ፣ ቀይ ሲሆን የሆቴል መጋረጃ እንደሚቀለም እናውቃለን። ፋብሪካው እሑድ ስለሚያርፍ ሰኞ ማለዳ ውሃው ትንሽ ይጠራል፤ ስለዚህ ነጭ ልብስ የምናጥበው ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ብቻ ሆነ። አንድ ሰኞ ስናረፍድ የጤና ጣቢያው ነጭ ካፖርቶች ሮዝ ሆነው ወጡ። ነርሷ ታማሚዎቹ እንደሚስቁባት በጨዋነት ነገረችኝ። ፀጉር አስተካካዩ ፎጣዎቹን ወደ ሌላ እጥበት ቤት ወሰደ፤ ሃያ ዓመት ደንበኛችን ስለነበረ ዓይኔን ላለማየት ሲል መንገድ ይቀይራል።

ሌላው ሌላው ይቅር። የባለቤቴ እህት በዚያ ገንዳ ላይ ጎንበስ ማለት የጀመረችው በአሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። አሁን ጣቶቿ መሐል ቆዳዋ ተሰነጣጥቋል፤ ሌሊት እጇን በእርጥብ ጨርቅ ካልጠቀለለች እንቅልፍ አይወስዳትም። ነርሷ እጇን አይታ «በየትኛው ቀለም ነው የምትሠሪው?» ብላ ጠየቀቻት። እኛ እኮ ቀለም አንነካም፤ ሳሙናና በረኪና ነው የምናውቀው። ክቡር ሆይ፣ እስከዚህ ድረስ በጨዋታ ነው የጻፍኩት፤ ይህን አንቀጽ ስጽፍ ግን ተናድጃለሁ፤ መናደዴም በደብዳቤው ላይ እንዲመዘገብልኝ እፈልጋለሁ።

5ኛ. ስለ ቅሬታ አቀባበልዎ አመሰግናለሁ። ሦስት ጊዜ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጥቼ አመልክቻለሁ። በመጀመሪያው ቀን ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። በሁለተኛው፣ ስብሰባው ስለ ቅሬታ አቀባበል መሆኑ ተነገረኝ። በሦስተኛው ቀን፣ ያኔ ነው አራቱን ሰዓት የቆምኩት፣ በመስኮት ቁጥር አራት ያለችው ቅን ልጅ መመሪያውን አውጥታ አነበበችልኝ፤ ወርቃማ ቅጠል ባለው ድርጅት ላይ የሚነሣ ቅሬታ አስቀድሞ ለድርጅቱ በራሱ፣ በር ላይ በተሰቀለው የአስተያየት መስጫ ሳጥን በኩል መቅረብ አለበት። ለፈቃደኞች የተደረገ ማቅለያ ነው። ሳጥኑ አለ፤ አይቼዋለሁ፤ ጥሩ ሳጥን ነው። ቁልፉ የት እንዳለ የበሩን ዘበኛ ስጠይቀው ግን እርሱ በተቀጠረባቸው ስድስት ዓመታት ቁልፍ ይዞ የመጣ ሰው አላየም። ከጅብ ላመለጠች ፍየል ዳኛው ጅብ ሲሆን ምን እንደሚባል ተረት ፈልጌ አጣሁ፤ አባቶቻችን እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል ብለው አላሰቡም ማለት ነው።

6ኛ. ስለ ፍትሕዎ አመሰግናለሁ፤ ይህኛው ረዘም ይላል፤ ይታገሡኝ።

አሥራ ሁለተኛው የናሙና ቀን ደረሰ። «ጡሩምባ» ጠርሙሶቹን ይዞ መጣ፤ ውሃው ወይን ጠጅ ነበር። ልጁ ትንሽ አመነታ፤ እኔም ለሻይ አይሆንም ብዬ ነገርኩት። ነገር ግን ቀኑ ቀን ነውና ቀድቶ ሄደ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጡሩምባውን ሳይነፋ፣ በእግሩ፣ አንገቱን ደፍቶ መጣና «እትዬ፣ ውሃዎ ጉድ ሠራን» አለኝ። የትኛው ውሃ፣ ማንን፣ ብዬ ስጠይቀው የሦስት ዓመቱን ታሪክ ከላይ እንደጻፍኩት ዘረገፈው። እኔ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። የባለቤቴ እህት መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ ማልቀስ ጀመረች፤ ልጁም ከእርሷ ጋር አለቀሰ።

ፋብሪካው ግን እንደኛ አልተደናገጠም። የወደቀው ናሙና በስሕተት ከጎረቤት ጉድጓድ የተቀዳ መሆኑን ገልጾ ጻፈልዎ። እርስዎም ስሕተቱን በገዛ ፈቃዱ በማሳወቁ አመሰገኑት፤ በመመሪያው መሠረት የግልጽነት ነጥብ ጨመሩለት፤ የናሙና መቅጃ ቦታውን እንዲያስተካክልም አሥራ ስምንት ወር ሰጡት። ከዚያው ጉድጓድ በዚያው ሹፌር የተቀዱት አሥራ አንዱ ጥሩ ውጤቶች ግን በፋብሪካው ስም እንደተመዘገቡ ቀሩ። አንድ ውሃ ሲያልፍ የፋብሪካው፣ ሲወድቅ የእኔ ሆነ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት መንግሥታዊ ደብዳቤ ጽፌአለሁ፤ እንዲህ ያለ ሒሳብ ግን አንድም ቀን አልተየብኩም።

በዚያው ሰሞን፣ ሰኞ ማለዳ፣ ተቆጣጣሪ ወደ ቤቴ መጣ። ለእኔ የሠላሳ ቀን ደብዳቤ አልተላከልኝም፤ የሠላሳ ደቂቃም አልተላከልኝም። ትሑት ወጣት ነው፤ ስድቡ ለእርሱ አይደለም። ዕቃችንን አንድ በአንድ መዘገበ፦ ሳሙና፣ በረኪና፣ ሦስት ካውያ፣ አርባ አንድ የልብስ መስቀያ። ቀለም ፈልጎ አላገኘም፤ አለማግኘቱንም ፈርሞበታል። ከዚያ «የብክለቱ ምንጭ» በሚለው ባዶ ቦታ ላይ «የልብስ እጥበት ቤቱ» ብሎ ጻፈ። ልብስ አጣቢ ቀለም የሚያስለቅቅ እንጂ ቀለም የሚነክር እንዳልሆነ ባስረዳው፣ በሐሳቤ እንደሚስማማ፣ ቅጹ ላይ ግን ለመስማማት የተተወ ቦታ እንደሌለ ነገረኝ። ከጉድጓዳችን ስምንት እርምጃ ርቆ፣ ከአጥሩ ማዶ፣ የፋብሪካው ቦይ እንደሚያልፍ አሳየሁት፤ ቀና ብሎ እንዲያይ ወንበር አቀረብኩለት። ወንበሩ ላይ አንድ እግሩን አሳርፎ ካሰበ በኋላ መልሶ አወረደው። ከአጥሩ ወዲያ ያለው የወርቃማ ቅጠል ግቢ ስለሆነ ለማየትም ቢሆን የሠላሳ ቀን ማስታወቂያ ያስፈልጋል።

እኛን ግን ለማሸግ አንድ ሰዓት በቃው። የወደቀ ግንድ ምሣር ይበዛበታል ይባላል፤ ግንዱ በፈቃደኝነት ቢወድቅ ኖሮ ምናልባት አሥራ ስምንት ወር ያገኝ ነበር።

7ኛ. በመጨረሻም በጎ ፈቃደኛ እንድሆን ስለ ተሰጠኝ ዕድል አመሰግናለሁ። ይቅርታ የሚደረገው ለፈቃደኞች ብቻ ከሆነ እኔም ፈቃደኛ ልሁን ብዬ በማግስቱ ቅጹን ወሰድኩ። ቅጹ ቢያንስ ሃምሳ ሠራተኛ፣ ራሱን የቻለ የአካባቢ ጥበቃ ክፍል፣ ፎቶ ያለበት መጽሔትና የተከታታይ ሦስት ዓመት ንጹሕ የላቦራቶሪ ውጤት ይጠይቃል። ሠራተኞቻችን ሁለት ናቸው፤ ባለቤቴን ከነብስክሌቱ ብንቆጥር ሦስት። የአካባቢ ጥበቃ ክፍላችን መጥረጊያ ነው። የሦስት ዓመቱን ውጤት ግን፣ ክቡር ሆይ፣ በልበ ሙሉነት አለኝ ብዬ ሞላሁ፤ ፋይሉም በእርስዎ መዝገብ ቤት፣ በፋብሪካው ስም ተጠርዞ ተቀምጧል። ልጅቱ ቅጹን መለሰችልኝና «እህቴ፣ ይህ ለትልልቆቹ ነው» አለችኝ፤ ድምፅዋ ውስጥ ምንም ክፋት አልነበረም። እኔም ተቀብዬ ወጣሁ።

ምስጋናዬ በዚህ አበቃ። አሁን ወደ ልመናዬ እገባለሁ።

ነገሩ ለክቡርነትዎ የተወሳሰበ እንዳይመስልዎ፤ በሁለት መንገድ ብቻ ነው የሚታየው። የጉድጓዱ ውሃ የፋብሪካው ናሙና ነው ካሉ፣ የወደቀው ፋብሪካው ነው፤ ማኅተሙን ከእኔ በር ያንሡልኝ። የጉድጓዱ ውሃ የእኔ ነው ካሉ ደግሞ፣ አሥራ አንድ ጊዜ ያለፍኩት እኔ ነኝ፤ ወርቃማ ቅጠሉን ከፋብሪካው በር ነቅለው ይላኩልኝ፤ ከነቅናሹ፣ ከነወንበሩ፣ ከነአሥራ ስምንት ወሩ። ቅጠሉን በር ላይ አልሰቅለውም፤ የዝናብ መከላከያ ይሆነናል። ያንዱን ምርቃት ለሌላው፣ የሌላውን እርግማን ለአንዱ ማድረግ ግን በየትኛውም ማበረታቻ ውስጥ ተጽፎ አላየሁም።

የምፈራውን ልንገርዎ። ፈቃዱ ቢሰረዝ፣ አዝናለሁ እንጂ፣ ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ፤ ጣቶቼ የጽሕፈት መኪና አልረሱም። ጉድጓዱ ሲደፈን ግን የሚደፈነው ውሃ ብቻ አይደለም። ድንጋዩና አሸዋው ከገባ በኋላ ቀለሙ ከየት እንደመጣ የሚጠየቅ ነገር አይኖርም፤ ፋብሪካው ከነቅጠሉ ይኖራል፤ እኛ ሰፈሩን የበከልን ሴቶች ሆነን እንቀራለን። የባለቤቴ እህት ጤና ጣቢያ ሄዳ መድኃኒት እንድትቀበል ብለምናት እምቢ አለችኝ፤ እጇ ከዳነ፣ ጉድጓዱም ከተደፈነ፣ ምንም እንዳልደረሰባት ይቆጠራል ብላ ነው። ትክክል ነሽ ብዬ ልነግራት አልፈለግሁም። ተሳስተሻልም ሳልላት፣ የእጇን ጨርቅ አርጥቤ ጠቀለልኩላት።

ስለዚህ የምለምነው ሽልማት አይደለም፤ ካሣም አይደለም። በቀሩት ስድስት ቀናት ውስጥ፣ ደብዳቤ ሳይቀድምዎ፣ ሹፌር ሳይልኩ፣ በገዛ እግርዎ ወደ ፋብሪካው ቱቦ ይውረዱና አንድ ጠርሙስ ይቅዱ። ከእኔ ጉድጓድም አንድ ይቅዱ። ሁለቱን በአንድ ካርቶን ይላኩ። ጫማዎ እንዳይበላሽ ባለቤቴ ቦቲውን ያውስዎታል። የቱቦው ውሃ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ፣ ድንጋዩን በዚህ ዕድሜዬ ተሸክሜ ጉድጓዱን ራሴ እደፍናለሁ፤ ይህንንም ማንም ሳያስገድደኝ፣ በፈቃደኝነት ነው የምለው።

ክቡርነትዎ በሦስተኛው ፎቅ፣ በንጹሕ አየር፣ ከአበቦችዎ ጋር ረጅም ዕድሜና ጤና እንዲያገኙ፣ የሚፈርሙት ሁሉ ሳይነበብ እንዲጸድቅ፣ የሚያነቡት ሁሉ ደግሞ ከሠላሳ ቀን በፊት እንዲነገርዎ እየተመኘሁ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ከታሸገ በሬ ውጭ ቆሜ እሰናበታለሁ።

የልብስ እጥበት ቤቱ ባለቤት
(ፊርማ አለው፤ ጣት ስለሚያቃጥለኝ ትንሽ ተጣሟል)

ግልባጭ፦
ለፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ፣ በአስተያየት መስጫ ሳጥኑ በኩል፤ ቁልፉ ሲገኝ እንዲያነቡት።
በመስኮት ቁጥር አራት ላለችው ልጅ፤ ከምስጋና ጋር፣ ይህኛው የእውነት ነው።
ለሰፈሩ ነዋሪ በሙሉ፤ በመብራት ምሰሶዎች ላይ።

ተጨማሪ ማሳሰቢያ፦ የፊታችን ቅዳሜ ለፋብሪካው ልዩ የግልጽነት ሽልማት በሚሰጡበት ሥነ ሥርዓት ላይ የሚነጠፉትን ስምንት ነጭ የጠረጴዛ ልብሶች የጽሕፈት ቤትዎ ንብረት ክፍል እንዲታጠቡ ወደ እኛ ልኮ እንደነበር ምናልባት አልተነገረዎትም። በታሸግንበት ሰኞ ማለዳ፣ ውሃው ጠርቶ ሳለ፣ የባለቤቴ እህት አጥባ ጨርሳ ለመጨረሻው ለቅለቃ ገንዳ ውስጥ ነክራቸው ነበር፤ ተቆጣጣሪው ስላጣደፈን ቧንቧውን እንኳ ሳንዘጋ ወጣን። ፓምፑ ይኸው ዘጠኝ ቀኑ፣ የጉድጓዱን ውሃ በላያቸው ላይ ያፈሳል። ዛሬ ጠዋት በመስኮቱ መስታወት አጮልቄ ሳይ ስምንቱም ወይን ጠጅ ሆነዋል፤ ያውም በዚህ ሳምንት በፋብሪካው አጥር ላይ የተሰጣው ጨርቅ ያለውን ዓይነት ወይን ጠጅ። በሩ የታሸገው በእርስዎ ማኅተም ስለሆነ ከዚያ ቀን ወዲህ የሰው እጅ አልነካቸውም፤ እኔም ልነካቸው አልችልም። ለቅዳሜ ከፈለጓቸው ማኅተምዎን ራስዎ ከፍተው ያውጧቸው፤ ጠረጴዛው ላይ ያንጥፏቸው፤ ሽልማቱንም እላያቸው ላይ አድርገው ይስጡት።